እትዬ አማረችና የሰርጉ ጉንጉን

«እኔ እንኳ አላውቅም፣ ግን…» ብሎ የሚጀምር ሰው ካጋጠማችሁ ሥራችሁን ደብቁ። እንዲህ የሚል ሰው የማያውቀው ነገር የለም። አዳማ ውስጥ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ ለዱሬቲ የደረሷት ክብርት ጎረቤቷ እትዬ አማረች ናቸው።

እትዬ አማረች ባጃጅ ነድተው አያውቁም፤ ከኋላ ተቀምጠው ግን ሾፌሩን ማርሽ ያስቀይሩታል። የመብራት ሠራተኛው ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ የትኛውን ገመድ እንደሚነካ ከሥር ሆነው መክረውታል። ሰውየው በሕይወት መትረፉ የእግዜር ሥራ ነው።

የዱሬቲ ታናሽ እህት ሲምቦ እሑድ ልትዳር ነው። እናታቸው ካረፉ ወዲህ ያሳደገቻት ዱሬቲ ናት። ሙሽራው ከደራ ከተማ ሚዜዎቹን አስከትሎ ሲመጣ የሚገባበትን በር በገዛ እጄ ላስጊጥላት ብላ፣ ወፍራም ሽቦ በክብ ጠምዝዛ፣ የፕላስቲክ ጽጌረዳ በቀጭን ሽቦ እያሰረችበት በረንዳ ላይ ተቀመጠች።

እትዬ አማረች በርጩማቸውን ይዘው መጡ።

«እኔ እንኳ አላውቅም፣ ግን በግራ በኩል አበጠ።»

አስተካከለች።

«አሁን ደግሞ በቀኝ ከሳ። ቅጠሉስ ምነው ጎመን መሰለ?»

ቅጠሉን ቀየረች። ውሃ ልትጠጣ ገብታ ስትመለስ፣ እትዬ አማረች ግማሹን አበባ በፒንሳ ነቅለው ጭናቸው ላይ ደርድረውታል።

«ትንሽ እንዲተነፍስ ብዬ ነው» አሉ።

የፕላስቲክ አበባ! እንዲተነፍስ!

የዱሬቲ ደም ፈላ። «እትዬ፣ እህቴን የምድራት እኔ ነኝ! ቤት አጥተው ነው እዚህ የሚውሉት?»

እትዬ አማረች አበቦቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ መልሰው፣ በርጩማቸውን አንስተው ሄዱ። ትንፍሽ አላሉም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰፈሩ አይቶ አያውቅም።

«እሰይ!» አለች ዱሬቲ። ጉንጉኑን ጨርሳ በሩ ላይ ሰቀለችው። አክስቷ መጡና «ያምራል» ብለው ወደ ድግሱ ድስት አለፉ። ሲምቦ ከስልኳ ቀና ሳትል «ያምራል» አለች። ድንኳን ሊተክል የመጣው ጉደታ «ያምራል» ብሎ መሰላሉን አስደገፈበት።

ያኔ ዱሬቲን ከመጀመሪያው የባሰ ንዴት ያዛት። ያምራል! ማን አየውና? ከዚህ ሁሉ ሰው ጉንጉኑን ዓይኑን ተክሎ ያየላት፣ ለሲምቦ በር አነሰ ብሎ የተጨነቀላት አንድ ሰው ነበር፤ እሳቸውንም አባረረቻቸው።

መሰላሉን ገፍታ ጉንጉኑን አወረደች፤ ታቅፋው ሄዳ የጎረቤቷን በር አንኳኳች።

«እትዬ፣ አፌ ነው ያጠፋው። እባክዎ ይዩልኝ።»

እትዬ አማረች እንደተኮሳተሩ ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት። ከዚያ ሪቫኑን ፈቱት። ጽጌረዳዎቹን ነቀሉ። ቅጠሉን ነቀሉ። ባዶ ሽቦ ሲቀር፣ «ይኼ ክብ ነው የሚባለው?» ብለው እሱንም ጠመዘዙት።

የዱሬቲ ንዴት እንደገና ገነፈለ። ጥርሷን ነክሳ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ሰርግ ሰርግ የሸተታት ያኔ ነው።