ማንም ያላነሳን ፎቶ

ሰውን እንደ «ነፃ» የሚያታልል ቃል ያለ አይመስለኝም። «በነፃ ነው» ከተባለ ያልታመመው ለሕክምና ይሰለፋል፤ መሄጃ የሌለውም መኪና ይሳፈራል። እናንተ አታደርጉትም? እንግዲያው ብፁዓን ናችሁ። በእኛ በንፋስ መውጫ በነፃ የሚታደለው ነፋሱ ብቻ ነው፤ እሱም ጉንፋን አስታቅፎ ነው የሚሄድ።

ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ በነፃ የተታለልሁት። የባለቤቴ የስመኝ አባት፣ የኔታ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው እግራቸውን ቢታመሙ እኛ ዘንድ መጥተው ነበር። ስመኝ ጤና ጣቢያ፣ እኔ ትምህርት ቤት ስንውል እሳቸው ብቻቸውን ይቀራሉ። ቀኑ አልመሽ አላቸው። እኔም አንድ ዘዴ ዘየድሁ፤ የድጓ ዜማ ቅጂ አፈላልጌ ላፕቶፔ ላይ ልከፍትላቸው። ቅጂው አልከፍት ቢለኝ ከኢንተርኔት አንድ የነፃ ማጫወቻ ፕሮግራም አወረድሁ። በየመሐሉ «ይስማማሉ?» እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔም ሳላነብ እስማማለሁ። እንደ እኔ ተስማሚ ሰው በአገሩ አልነበረም።

ዜማው ተከፈተ። ሌላም ብዙ ነገር አብሮ ተከፈተ። የኔታ አንገታቸውን ደፍተው ሲያዳምጡ «እንኳን ደስ አለዎት፣ አሸንፈዋል!» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል። እሱን ስዘጋው ደግሞ የውፍረት መቀነሻ መድኃኒት የያዘች ሴት ብቅ ትላለች። ድርቅ ላከሳው ለጋይንት ሰው የውፍረት መቀነሻ! እሷን ስዘጋ እህቷ ትመጣለች። ሳቅን፣ ተናደድን፣ በመጨረሻ ለመድን። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

ያልለመድነው መብራቷን ነው።

አንድ ቅዳሜ ምሳ እየበላን፣ ስመኝ የጠቀለለችውን ጉርሻ በአየር ላይ አቆመችው።

«ይህን ማን አበራው?»

ማንም ሳይነካው ከላፕቶፑ ክዳን ጫፍ፣ ከካሜራው አጠገብ፣ አንዲት አረንጓዴ መብራት በርታለች። አየናት። እሷም ያየችን መሰለኝ። ከዚያ ድርግም አለች።

«የመብራት ኃይል መዋዠቅ ነው» አልሁ። የማያውቁትን ሁሉ በመብራት ኃይል ማላከክ ያገራችን ሳይንስ ነው።

በሌላ ቀን ስመኝ ከሥራ ገብታ፣ ነጠላዋን አውልቃ ጸጉሯን ስትፈታ ድንገት ዞር አለች። በርታለች። ፎጣ አንስታ ላፕቶፑ ላይ ጣለችበት።

«ሰው እያየኝ ነው።»

«ማን?»

«ማንነቱን እንጃ። ጀርባዬ ነው የነገረኝ። ይህ ነገር ካልታየ እዚህ ክፍል አልገባም።»

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደተመለስሁ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው ጌታሁን ዘንድ ወሰድሁት። ጌታሁን ሲሠራ ማፏጨት ይወዳል። ጥቂት እንደጎረጎረ ፉጨቱን አቆመ።

«መምህር፣ እስኪ ቁጭ ይበሉ። እነዚህን ፎቶዎች እርስዎ ነዎት ያነሷቸው?»

ቤቴ ነው። ምሳችን ነው፤ ከነጉርሻው። እኔ አፌን ከፍቼ ሳዛጋ። ስመኝ ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ፈሶ። ማንም ያልተቀመጠበት ወንበሬ። ነፋስ የገለጠው መጋረጃ። ከመጨረሻው ፎቶ በቀር አንድም ሰው ወደ ካሜራው አያይም፤ አንድም ሰው ካሜራውን አልያዘም። ባዶው ወንበር ይበልጥ አስፈራኝ። ሰው በሌለበት ክፍል ማን ምን ሊያይ ቆመ?

«ከነፃው ፕሮግራም ጋር ሰላይ አብሮ ገብቷል» አለ ጌታሁን። «ያነሳል፣ ይደብቃል፣ ኢንተርኔት ስታገናኙ ይልካል።»

«ለማን?»

ጌታሁን ወደ ላፕቶፑ ዞረ።

ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነው። ጸረ ቫይረስ አስገባበት፤ የይለፍ ቃሎቼን ሁሉ አስለወጠኝ፤ ካሜራው ላይ ፕላስተር ለጠፈ፤ ከማይታወቅ ቦታ ምንም እንዳላወርድ፣ «ይስማማሉ?» ሲለኝም አንብቤ እንድስማማ መከረኝ።

«የተላከውስ?»

«የሄደው ሄዷል፣ መምህር።»

ለስመኝ ስነግራት አላለቀሰችም። «አሁን ገበያ ስወጣ፣ ቀና ብሎ ያየኝ ሁሉ እሱ ይመስለኛል» አለች። እኔም ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ሰረቅ አድርጌ ማየት ጀምሬ ነበር።

የኔታን ግን አንድ የምጠይቃቸው ነገር ነበረኝ። ከፎቶዎቹ የሚበዙት የእሳቸው ነበሩ፤ ቤት የሚውሉ እሳቸው ናቸውና። በብዙዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ያዳምጣሉ። በመጨረሻው ግን ፊታቸው ፎቶውን ሞልቶታል፤ ዓይናቸው በቀጥታ ወደ እኛ ያያል፣ አፋቸው ተከፍቷል። ከዚያ ወዲህ አንድም ፎቶ የለም።

የሆነውን ሁሉ አስረዳኋቸው። አልደነገጡም።

«ያችን መብራት? አውቃታለሁ እንጂ። እናንተ ስትወጡ ትመጣለች።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩን የኔታ?»

«የእናንተ እንግዳ መስሎኝ። ሲበዛብኝ ጊዜ ግን ተነሥቼ፣ ያንን የጣላችሁበትን ፎጣ ገልጬ ቀረብሁና፣ ‹ማነህ ልጄ? ምን ቸግሮህ ነው?› አልሁት።»

«ምን መለሰልዎት?»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ምንም። አፍሮ ነው መሰል፣ መብራቷን አጠፋት።»