ሽማግሌ የገባበት ካሜራ

ፈጣሪ ሰውን ሲሠራ ዓይንና ጭንቅላትን አንድ ላይ ገጥሞ ነው የሰጠው። «ጭንቅላቱ በዚህ ዋጋ፣ ዓይኑ ለብቻው በዚህ ዋጋ፤ አቅምህ የፈቀደውን መርጠህ ውሰድ» አላለም። ካሜራ የሚሠሩ ሰዎች ግን እንዲህ ያለ ቸርነት አያውቁም። አካሉን፣ እኛ የሙያው ሰዎች «ቦዲ» የምንለውን፣ ለብቻው ይሸጡልዎታል። ዓይኑን፣ ማለትም ሌንሱን፣ እሱንም ለብቻው ይሸጡልዎታል። ሁለቱንም ባንዴ ልግዛ ያለ ሰው አስቀድሞ በሬውን፣ አስከትሎ ቤቱን መሸጥ ይኖርበታል። ስለዚህ ዕቃውን ማሻሻል የፈለገ ድሃ ፎቶ አንሺ ሁሉ አንድ ቀን ከአንድ ጥያቄ ጋር መፋጠጡ አይቀርም፤ ጭንቅላት ልግዛ ወይስ ዓይን?

እርስዎ ፎቶ አንሺ ካልሆኑ ጥያቄው ቀላል ሊመስልዎ ይችላል። እኔም ድሮ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሰው በርስት፣ በድንበር፣ በውርስ ተጣላ ሲባል ብሰማ አይደንቀኝም። በዚህ ጥያቄ የተነሳ እዚህ ላሊበላ ሽማግሌ ተቀምጧል። የተቀመጠውም በእኔ ጉዳይ ነው።

ፎቶ ቤታችን ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ከጋሽ ሰይድ የጨርቅ ሱቅ ፎቅ ላይ ናት። የእኔና የደሳለኝ የጋራ ናት። ከደሳለኝ ጋር በልጅነታችን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረን፣ ስናድግ አንድ ካሜራ ገዝተን፣ ሰርግም ክርስትናም ምርቃትም በእሷው እያነሳን፣ ሥራ ሲጠፋ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ እየቆረጥን፣ ምሳችንንም ከአንድ ትሪ እየበላን የኖርን ሰዎች ነን። ካሜራዋ ስንገዛትም ጎልማሳ ነበረች። አሁን ደግሞ ሻተሯ፣ ያ ብርሃን የሚያስገባውና የሚዘጋው መጋረጃዋ ማለቴ ነው፣ አንዴ ሲጫኑት ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይስል ጀምሯል። ከዓመታት ቁጠባ በኋላ ከሁለቱ አንዱን ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ ባንክ ቤት ገባ። ጠቡም አብሮ ገባ።

እኔ ሌንስ አልኩ። ምክንያቴንም ይስሙኝ። የእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ ከደጃፉ ፈቀቅ ካሉ ብርሃን የለም። ፍላሽ ላብራ ቢሉ ቄሱ በመቋሚያቸው ያስወጡዎታል፣ እውነታቸውንም ነው። ከካሜራችን ጋር የመጣው ሌንስ ደግሞ ጨለማ ሲያይ እንደ ዶሮ ነው። ነአኩቶ ለአብ ዋሻው ውስጥ ያነሳኋቸው ቄስ ፎቶ ላይ የሚታየው ጥምጣማቸው ብቻ ነው። ጥምጣሙ ብቻውን ለጸሎት የቆመ ይመስላል።

ደሳለኝ ቦዲ አለ። እሱም ምክንያት አለው። «ሌንስህን ማን ያይልሃል? ሰርገኛ የሚያየው ሳጥኑን ነው» ይላል። ሙጃ ከተማ ሰርግ ተጠርተን ሄደን የሙሽራው አጎት ካሜራችንን ተቀብለው አገላብጠው ካዩ በኋላ «ትልቁ ኋላ ነው የሚመጣ?» ብለው የጠየቁን እውነት ነው። የዚያን ቀን የሚዜው ስልክ እንኳ ከኛ ካሜራ የበለጠ ተከብሯል። «ደግሞስ ይቺ ሻተር አንድ ቀን ሰው ፊት ታዋርደናለች» ይላል ደሳለኝ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔም አልለቀቅኩ፣ እሱም አልለቀቀ። መጀመሪያ በክርክር ጀመርን፣ ቀጥለን በአሽሙር፣ ከዚያ በዝምታ። አንድ ቀን ደሳለኝ ለምሳ ብቻውን ወጣ። በማግስቱ እኔ ቀድሜው ብቻዬን ወጣሁ። በሳምንቱ «ከምንነታረክ ያለንን ተካፍለን እንለያይ» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። እሺ አልኩት። ደረጃውን ከወረድኩ በኋላ ግን የምሄድበት ጠፋኝ። ያለ ደሳለኝ የሠራሁት ሥራ እንደሌለኝ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ጋሽ ሰይድ ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ከወልድያ በታች ከቆላው መጥተው እዚህ ቤት የሠሩ፣ እኛንም እንደ ልጆቻቸው የሚቆጡ ሰው ናቸው። ከታች ሆነው ጣራቸውን ያዳምጣሉ። ስንጨቃጨቅ መስማት ለምደው ኖሮ ጸጥታው ሲበዛባቸው አስጠሩን። «እናንተ ልጆች፣ ሰሞኑን ኸላይ ድምጥ የለም። ሰላም አይደላችሁም ልበል?» አሉ። ነገሩን ሲረዱት የነፍስ አባቴ ወዳጅ ወደሆኑት ወደ መሪጌታ ጥበቡ ሰው ላኩ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሱቁ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ፣ መሪጌታና ጋሽ ሰይድ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እኛ ፊት ለፊታቸው ቆምን።

ነገራችንን አስረዳን። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ከሰሙ በኋላ «እንግዲያው ቦዲ ያላችሁት በሬው ነዋ፤ ሌንሱ ማረሻው ነው» አሉ።

«የለም መሪጌታ» አሉ ጋሽ ሰይድ በትሕትና። «ቦዲው የስፌት መኪናው ነው፤ ሌንሱ መርፌው።»

«መርፌማ በርካሽ ይገኛል፤ ይኼ እኮ ውድ ነው እያሉ ነው።»

ሽማግሌዎቹ በዚህ ጥቂት ተከራከሩ። እኔና ደሳለኝ ቆመን ጠበቅን። ለትንሽ ጊዜ አስታራቂ የሚያስፈልገው ለእነሱ ነበር።

አሁን ደንባችንን ልንገርዎ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ፍርዱን ከመናገሩ በፊት የተጣሉትን ዋስ ያስጠራል። ምን እንደሚፈረድብዎ ሳያውቁ «የተባልኩትን እቀበላለሁ፤ ለዚህም እገሌ ዋሴ ነው» ይላሉ። ጅልነት ይመስላል። ነገር ግን ፍርዱን ሰምቶ መስማማትማ ማንም ያውቃል።

«በል ዋስ ጥራ» አሉኝ መሪጌታ።

«ደሳለኝ» አልኩ።

ብልጠት እንዳይመስልዎ። አስቤ ያልኩት አይደለም። ባንክ ቤት ዋስ ስጠየቅ፣ ቀበሌ ምስክር አምጣ ስባል፣ ሚስቴን ሳስጠይቅ እንኳ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሞ የነበረው እሱ ነው። አፌ ሌላ ስም አልለመደም። መሪጌታ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑና «ባላጋራህን ነው የምትጠራ? ሌላ ሰው ጥራ እንጂ» አሉ።

«ሌላ ሰው የለኝም» አልኩ። እንባዬ መጣ። የመጣውም ስለ ሌንስ አልነበረም።

ደሳለኝ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና «ለእናንተ ስል ትቼዋለሁ። ሌንሱ ይገዛ» አለ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። የሌላ አገር ሰው ቢሆን «አመሰግናለሁ» ብሎ ሄዶ ሌንሱን ይገዛ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ሌላው የተወለትን ይዞ ዝም ያለ ሰው ሆዳም ይባላል። እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ። «ለእናንተ ስል እኔም ትቻለሁ። ቦዲው ይገዛ» አልኩ። ደሳለኝ «በጭራሽ» አለ። እኔም «በእናትህ ሞት» አልኩ። እሱ ከሽማግሌዎቹ እግር ሊወድቅ፣ እኔ ልቀድመው፣ በአግዳሚው ሥር ተጋጨን።

«በርስት ያስታረቅኋቸው፣ በደም ያስታረቅኋቸው አሉ» አሉ መሪጌታ ቀና እያሉ። «ሁሉም የኔ ነው ሲል ነው የማውቀው። ያንተ ይሁን እያለ የሚጣላ ሰው ግን እኔ ፍርድ አላውቅለትም።» አስማሙን፣ አሳሳሙን፣ በሁለቱም ሃይማኖት መረቁን፣ ተነሱ። እርቁ ወረደ። የሚገዛው ዕቃ ግን ሳይወሰን ቀረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠባችን አቅጣጫውን ለወጠ። ምሳችንን አንድ ትሪ ላይ እንበላለን፤ ግን እኔ የቦዲን ጥቅም እሰብካለሁ፣ እሱ የሌንስን። እኔ ራሴ የሙጃውን አጎት እየጠቀስኩ ስከራከር፣ እሱ የነአኩቶ ለአብን ጥምጣም ይመልስልኛል። ማንም የሌላውን እሺታ ተቀብሎ ባንክ ቤት የሚሄድ ጠፋ። ከይሉኝታ የተነሳ የከሰረ ነጋዴ አለ ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር። ካሜራዋም መሳሏን ቀጠለች።

በዚህ መሀል የጋሽ ሰይድ ልጅ ሐያት ልታገባ ሆነ። ያለቻቸው ሴት ልጅ እሷ ብቻ ናት፤ የምትዳረውም ሩቅ፣ ኮምቦልቻ ነው። «ኸወልድያ ጥሩ ፎቶ አንሺ እናምጣልህ ይሉኛል ዘመዶቼ» አሉን ጋሽ ሰይድ። «እናንተ እያላችሁ ሌላ ሰው ቤቴ ገብቶ ልጄን አያነሳም ብያቸዋለሁ።» እኔና ደሳለኝ ተያየን። ያን ጊዜም እንኳ ካሜራችን እንደታመመች መናገር ነበረብን። እሺ ብለን ወጣን።

የሰርጉ ቀን ሁሉም ነገር ደህና ሄደ። ኒካሁ ታሰረ፣ የክርስቲያን እንግዶች ለብቻ በታረደልን በግ ጠገብን፣ ልጃገረዶቹ ከበሮ መቱ። የሙሽራው መኪኖች ሊነሱ ሲሉ ጋሽ ሰይድ ሐያትን ሊመርቁ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዘዋት ገቡ። መብራት ጠፍቷል፤ ከአንዲት ትንሽ መስኮት በቀር ብርሃን የለም። ተከትያቸው ገባሁ። ሐያት ተንበርክካለች። ጋሽ ሰይድ ሁለቱን መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓቸውን ጀመሩ፣ ከመሀሉም ድምፃቸው ተቆረጠ። እኚህ ሰው በሰው ፊት ሲያለቅሱ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ፍላሽ ማብራት አፈርኩ። ትንፋሼን ይዤ ተጫንኩት።

ካሜራዋ ከፈተች። ከዚያ ቆየች። ከዚያ በዝግታ ዘጋችና ሁለተኛ አልከፈተችም።

ባጠፋት፣ ባበራት፣ ባትሪ ብቀይርላት፣ በሆዴ ብለማመናት የለችም። ውጪ ሙሽራዋ ወጣች፣ እናቷ አቅፋ አልለቃትም አለች፣ ዘመድ አልቅሶ ሸኘ፤ ይኼ ሁሉ ሲሆን ደሳለኝ በስልኩ ወዲያና ወዲህ እየሮጠ ያገኘውን ይለቃቅማል፣ እኔ የሞተ ዕቃ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቆሜያለሁ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ማለት ይኼ ነው። መኪኖቹ ከሄዱ በኋላ ሁለታችንም ጋሽ ሰይድ ፊት ቀርበን የሆነውን ነገርናቸው። ዓይናቸው ገና እንደቀላ ነበር። «አብሽሩ፣ ዕቃ ነው» አሉን፣ ሌላም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

በዚያው ሳምንት ቦዲው ተገዛ። መሪጌታ ያልፈቱትን ነገር ሻተሩ ፈታው፤ የሞተው ሳጥኑ ስለሆነ የሚተካው ሳጥኑ ነው። ደሳለኝ አሸነፈ፣ ግን እኔ አሸነፍኩ ብሎ አያውቅም፤ እስከ ዛሬ «በግድ ነው የገዛሁት» ይላል። ሐያት ለመልስ ከኮምቦልቻ ስትመጣ ነጩን ልብስ አስለበስናትና ከአባቷ ቤት እንደገና አወጣናት። እናቷም እንደገና አቀፈቻት፣ በዚህኛው ግን እየሳቀች ነው። አዲሱ ቦዲ የሽፋሽፍት ፀጉር ለይቶ ያነሳል። ጋሽ ሰይድን ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዘን ገብተን «እስቲ እንደዚያን ቀን ይሁኑልን» ብንላቸው ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም፣ ሳቁ። አልበሙ አማረ። ጎረቤቱ ሁሉ እየተቀባበለ ያደንቀው ጀመር።

አሮጌዋ ካሜራ የመጨረሻ ያነሳችውን ፎቶ ከሚሞሪዋ ያወጣሁት ዘግይቼ ነው። ጨለማ ነው። ሁለት መዳፎች ይታያሉ፣ ከነሱ በላይ የተንቀሳቀሰ ፊት፣ ጉንጩ ላይ መስመር የመሰለ ብርሃን። ለሙያችን ነውር የሆነ ፎቶ ነው። ልናጠፋው ፈራን፤ በትንሹ አትመን «የተረፈችው ይቺ ነች» ብለን ሰጠናቸው። ጋሽ ሰይድ መስኮት አጠገብ ሄደው ለረጅም ጊዜ አዩት። ዘወር ሳይሉ «በትልቁ አሳትሙልኝ፣ መስታወትም አስገቡለት» አሉ።

አስገብተን ወሰድንላቸው። መዶሻ ይዘው፣ ሚስማሩን በጥርሳቸው ነክሰው፣ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ቦታ ሲመርጡ እኛ ክፈፉን ደግፈን ቆምን። ደሳለኝ ፎቶውን ቀረብ ብሎ አየና «አዲሱ ቦዲ ያን ዕለት ኖሮ ቢሆን» አለ። «ጥሩ ሌንስ ኖሮ ቢሆን» አልኩት። «ቦዲው ጨለማውን ይችለው ነበር።» «ያለ ሌንስ ምኑን ይችለዋል።» ወደየጥንቱ አቋማችን እንደተመለስን ያወቅነው ከተናገርን በኋላ ነው። አፍሬ ወደ ጋሽ ሰይድ ዞርኩና «ይቅር ይበሉን ጋሽዬ፣ የሚሆነውን ዕቃ በጊዜው ገዝተን ቢሆን ፊትዎ ጥርት ብሎ ይወጣ ነበር» አልኳቸው።

ጋሽ ሰይድ ሚስማሩን ከአፋቸው አወጡ።

«ተወው እባክህ» አሉኝ። «ኸዚህ ወዲያ ቢጠራ ኖሮ ሰው ፊት አልሰቅለውም ነበር።»