ሳይጠሩት ገላጋይ

በየአገሩ ሳይጠሩት የሚገላግል ሰው አይጠፋም። ሁለት ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ፣ ከየት መጣ ሳይባል መሀል ገብቶ ይገኛል። የመካነ ሰላሙ ክቡር ገላጋይ አያ አሳምነው ናቸው። ባልና ሚስት በቅጡ ሳይኮራረፉ ያስታርቃሉ። በጨዋታ የሚጯጯሁ ጓደኛሞችን «ቆይ! መጀመሪያ ቁጭ በሉ!» ብለው በግድ ይቅር ለእግዜር አስብለዋቸዋል። የሚናከሱ ውሾችንም አላለፉም፤ የግራ እጃቸው ጠባሳ ምስክር ነው።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን የመርሳት በሽታ ገባባቸው። ከሪያድ ተመልሳ የምትጦራቸውን አንድ ልጃቸውን ሰብሌን «የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል። ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ላይ አይሱዙ ለጥቂት የሳታቸው ዕለት፣ ሰብሌ በሩን ከውጭ መቆለፍ ጀመረች።

ከዚያ ወዲያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውሉ ጀመር። እህል ዘጋቸው። «አባባ፣ እባክዎ አንድ ጉርሻ» ስትላቸው፣ «ለማን ብዬ?» ይላሉ። ሰብሌ ሞት እንዳይገባ ቆልፋ፣ እሱ ግን ከውስጥ የቀረ እየመሰላት ትሰጋ ነበር።

በገበያ ቀን ከወፍጮ ስትመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጎረቤቷ አስቻለች እጇን እያፍተለተለች፣ «'ልጄ ሳታውቅ ቆልፋብኝ ሄዳ ነው' አሉኝ። አንጀቴን በሉት፤ ጓጉንቸሩን ሰበርሁላቸው» አለቻት። አሳምነው ያላቸው ለከንቱ አላላቸውም!

ሰብሌ ዱቄቱን ጥላ ሮጠች። መኪናው፣ ገደሉ፣ ብርዱ፣ ሁሉም በዓይኗ መጣባት። ከብት ተራው ዘንድ ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። ጥሳ ገባች። ታደለና ደሳለው የሚባሉ ገበሬዎች ዱላ አንስተው ተፋጠዋል። ከመሀላቸው አባቷ፣ ጋቢያቸው መሬት እየጠረገ፣ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

«ዘወር ይበሉልኝ! ዛሬስ አልምረውም!» አለ ታደለ።

«ቆይ! መጀመሪያ ቁጭ በሉ!»

ሰብሌ ልትጎትታቸው እጇን ዘረጋች። ብትነካቸው ዱላው የሚወርድ መሰላትና ባለችበት ደርቃ ቀረች።

ታደለ እንደቆመ ተናገረ፤ የደሳለው በቅሎ ገብሱን አውድማበታለች። ደሳለው መለሰ፤ አጥሩን ቀድሞ ያፈረሰው ታደለ ነው። አያ አሳምነው አንገታቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ሲያበቁ፣ «እሺ፣ ምን ሆናችሁ ነው?» አሉ።

ታደለ ግራ ተጋብቶ እንደገና ጀመረ። ደሳለውም እንደገና መለሰ።

«በሉ እስቲ፣ ከመጀመሪያው ንገሩኝ» አሉ አዛውንቱ።

በሦስተኛው ዙር ታደለ ቁጭ ብሎ ነበር። በአራተኛው ደሳለው፣ «ኧረ በአላህ! በቅሎዋ ገብታለች፣ አጥፍቻለሁ፣ በቃ!» ብሎ ዱላውን ወረወረ። ታደለ ሳቁ አመለጠው። የአጥሩ ነገር አልተቋጨም፤ ለሌላ ቀን አደረ። ደም ግን አልፈሰሰም።

ሰው ሲበተን ሰብሌ አባቷ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እሳቸው አንዲት ነጋዴ የሰጠቻቸውን ቆሎ እያጣጣሙ ይቆረጥማሉ። እንዲህ ሲበሉ ካየቻቸው ሰንብታለች።

ዞር ብለው አዩዋት። «አንቺስ ልጄ፣ ከማን ተጣልተሽ ነው?»

«ካባቴ።»

«ምን አድርጎሽ?»

«እኔ ነኝ የበደልኋቸው። በር ቆልፌባቸው ነበር።»

አያ አሳምነው ትንሽ አሰቡ። ከቆሎው ዘግነው መዳፏ ላይ አደረጉላት።

«አይዞሽ፣ ይቅር ይልሻል» አሏት። «እኔ አናግረዋለሁ።»