የይርሳው ባለ አራት ኪስ በጀትና የሞጣ ዘመቻ

በሁለት ሺህ ዐሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በወርኃ ግንቦት፣ ልብስ ሰፊው ይርሳው ዘቢቸና በስፌት መኪናው ላይ በነገሠ በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ እኔም ጸሐፊው ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ፣ ፊደል ከለየሁ ግን ገና ስድስተኛ ዓመቴ ሳለ፣ ይህ ሆነ።

በሞጣ ሜዳ ታላቅ የሙዚቃ ድግስ እንደሚደረግ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። መርፌው የማይስት፣ ቁልፉ የማይላላ ይርሳውም ይህን ሰምቶ ልቡ ተነሣ፤ ባለቤቱ የሺእመቤት በተዳረች ጊዜ ቤቱ ሐዘን ገብቶት ዘፋኝ ሳይጠራ ቀርቶ ነበርና፣ ስሟም በዘፈን ተነሥቶ አያውቅምና። ስለዚህ እንዲህ ሲል ዐወጀ፦ «ከዘፋኙ ግንባር ብር ለጥፌ የሺን አስወድሳታለሁ! ያላደረግሁ እንደሆነ ቢቸና ትታዘበኝ!»

ከዚያም በጀቱን እንደ ሙያው ሠራ። በኮቱ ውስጥ አራት ኪስ ሰፍቶ፣ አንዱን ለደርሶ መልስ መሳፈሪያ፣ ሁለተኛውን ለመግቢያ፣ ሦስተኛውን ለምሳ አደረገ፤ አራተኛውን፣ የሽልማቱን፣ እጁ እንዳይፈትነው በድርብ ክር ሰፍቶ ዘጋው።

ሲዘምትም የሺእመቤት አዲስ ቀሚስ ለብሳ በቀኙ፣ ጎረቤቱ ፋንታ የስንቅ ቆሎ ይዞ በግራው፣ እኔም በትሬን ተመርኩዤ በኋላው ሆነን፣ ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ ገባን።

በዚያም የይርሳው አበልጅ አካለ ወልድ፣ የልጁ የክርስትና አባት፣ ከወንድሞቹ ጋራ ተቀብሎን ምግብ ቤት አገባን፤ ጥብስም በጥብስ ላይ ታዘዘ። ሒሳብ በመጣ ጊዜ ሁለቱ ኃያላን በአንድነት ተነሡ። አካለ ወልድ ዐወጀ፦ «በሞጣ ምድር እንግዳ አይከፍልም! እኔ ልሙት፣ እጅህን መልስ!» ይርሳውም ዐወጀ፦ «ቢቸና ጦሙን የሚያድር መሰለህ? በልጃችን ይዤሃለሁ፣ ብር ብታወጣ አበልጅነታችን ፈረሰ!» ወንበር ወደቀ፤ አስተናጋጇም በመካከል ተጨነቀች። የምሳው ኪስ አልበቃ ባለ ጊዜ ይርሳው የአራተኛውን ኪስ ክር በጥርሱ በጥሶ ከፈለ፤ ታላቅ ድልም አደረገ። የሺእመቤትም ዐወጀች፦ «ጎሽ የኔ ጀግና! እንግዲህ ስሜን አንተው ዝፈነው!»

ከሜዳው በደረስን ጊዜ ሰው ሁሉ ዘፋኙን እየሸለመ የየሚስቱን ስም ያስጠራ ነበር። ይርሳውም እጁን ወደ አራተኛው ኪስ ቢልክ ከተበጠሰ ክር በቀር አላገኘምና አንገቱን ደፋ፤ የሺእመቤትም ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ አካለ ወልድ፣ በምሳ ድል የተነሣው፣ ብሩም ሳይነካ በኪሱ የቀረበት፣ ቂሙን ሊወጣ ከመድረኩ ወጥቶ ከዘፋኙ ግንባር ብሩን ለጥፎ ዐወጀ፦ «ለየሺእመቤት በልልኝ! እናንተም ባሏ መጥቶ እንዳይከፍል ያዙልኝ!»

ዘፋኙም የሺእመቤት፣ የሺእመቤት እያለ ባወረደው ጊዜ እርሷ ነጠላዋን በወገቧ ታጥቃ እስክስታ ወረደች። ይርሳው ሊሟገት ብድግ ብሎ ሳለ አያት፤ ተመልሶም ተቀመጠ፤ በዘመኑም ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው ሲከፍልለት ዝም አለ።

ስለዚህ ይርሳው ዘቢቸና፣ አራት ኪስ ሰፍቶ የዘመተ፣ በጥርሱ በጀት የበጠሰ፣ ስለ ሚስቱ ደስታም መሸነፍን የታገሠ፣ ስሙ ይክበር፣ ክንዱም ይጽና። እኔ ጸሐፊው ግን አርጅቻለሁና፣ ከሁለቱ አበልጆች ማን ድል እንዳደረገ ተሳስቼ ጽፌ እንደሆነ፣ በዚያ የነበራችሁ አርሙኝ።