ጻድቁና የመቀቀያው ደወል

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ጻድቅ አለ። ይህን ለማረጋገጥ ጥናት አያስፈልግም፤ ሥራ ሲበዛ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፣ ዓይኑን የጨፈነው እሱ ነው። እናንተ በሁለት እጃችሁ የሦስት ሰው ሥራ ስትሠሩ እሱ ከሰማይ ጋር ጉዳይ ይዟል። ደግሞ አትናገሩትም። ከተናገራችሁት እናንተ ከሃዲ፣ እሱ ሰማዕት ይሆናል።

ለእኔ የደረሰኝ ጻድቅ ያለው ሰው ሠራሽ ጥርስ የምንሠራበት ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ የጥርስ መቀቀያ፣ በየመደርደሪያው ደግሞ የማላውቃቸው ሰዎች መንጋጋ። ከጥርስ ሐኪሞቹ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ድረስ ሁሉም "ጻድቁ" ነው የሚሏቸው፤ እኔ ፊት ለፊት "ጋሼ" እላቸዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠናል። ዛሬ ጠዋት ግን ወንበራቸው ባዶ ነበር። ልባቸው ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ሆስፒታል ገብተዋል። ከጠዋት ጀምሮ ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሆነ ግን ገና አልለየሁም።

በሳቸው የተናደድኩበት ነገር እንኳ ብዙ ነው። ጥርሱ መቀቀያው ውስጥ ይበስልና ደወሉ ይጮኻል። ከዚያ ሩብ ሰዓት ሳይነካ መቀዝቀዝ አለበት፤ በትኩሱ ከተከፈተ ይጣመማል። ጤነኛ ሰው በዚያ ሩብ ሰዓት ሌላ ሥራ ይሠራል። ጻድቁ ግን ደወሉ ገና ሲጀምር ሞረዳቸውን ያስቀምጣሉ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ይጠርጋሉ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው ይቆሙና ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አምስት ጊዜ በቀቀልንበት ቀን አምስት ጊዜ፣ ሥራ በጠፋ ቀን አንድ ጊዜ። አምላክን ከጥርስ ጋር ማን እንዳቆራኘው እንጃ።

በዚያ ሰዓት ታዲያ ስልክ አያነሱም። ሐኪሙ "ታካሚዬ አፉን ከፍቶ እየጠበቀ ነው" እያለ ሲጮህ የምዋሸው እኔ ነኝ። "እጃቸው ጀሶ ነው" እላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እጃቸው ጀሶ ነው። እሳቸው ይጸልያሉ፣ ኃጢአቱን እኔ እሸከማለሁ።

አንዴ የላይኛው ጥርስ ከታችኛው አልገጥም ያላት ሴትዮ መጥታ አለቀሰች። ጻድቁ አንገታቸውን ደፍተው "እሱ ያውቃል" አሏት። የሁሉ ነገር መልሳቸው ይኸው ነው፤ ሲሰበርም፣ ሲዘገይም፣ መብራት ሲጠፋም "እሱ ያውቃል"። የሚያውቀው እሱ ከሆነ ለምን እሱ አይሞርደውም? ምሳዬን ትቼ የሞረድኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። ትምህርት ቤት የነገሩን፣ ደወል ሲሰማ ምራቁ የሚዝረበረበው ውሻ ትዝ አለኝ። የመቀቀያውን ደወል በስልኬ ቀዳሁና መቀቀያው ባዶውን ተቀምጦ ሳለ ለቀቅኩት። ሞረዱ ጠረጴዛ ላይ ዐረፈ። እጅ ተጠረገ። ጻድቁ ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ቆሙ፣ ጨርሰውም የቀዘቀዘውን ጥርስ ሊያወጡ ሄደው ክዳኑን ከፈቱ።

"ጋሼ፣ ማንን ነበር የሚያናግሩት?" አልኩ፣ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ። "እግዜርን ወይስ ስልኬን?"

ባዶውን መቀቀያ ትንሽ አዩት። "አባቴ ነው ያስለመደኝ" አሉ። "ጆሮዬን እየጠመዘዘ። ካልቆምኩ ቁርስ አልነበረም።"

"ይኸው አመኑ። ልማድ ነው ማለት ነው።"

"አንተንስ አፍ ያስፈታችህ እናትህ አይደለችም? ታዲያ አሁን የምትሰድበኝ አንተ ነህ ወይስ እሷ?"

ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። "እሺ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እዚያ ቆመው ያገኙታል?"

"አንዳንድ ቀን አገኘዋለሁ። አንዳንድ ቀን ጥርሱ ብቻ ይቀዘቅዛል።"

"ታዲያ ለምን ይደክማሉ?"

"የትኛው ቀን እንደሆነ ሳልቆም በምን አውቃለሁ፣ ወንድምዓለም?" አሉና ሞረዳቸውን አነሡ።

ይህን ያህል የዋህ ሰው መጥላት ከባድ ነው። እኔ ግን በርትቼ ሞክሬያለሁ። ትናንት ሽርጣቸውን አጣጥፈው ሲወጡ እንኳ "እሱ ያውቃል" ሲሉኝ፣ "ሐኪሙም ቢያውቅ አይከፋም" አልኳቸው። ደረታቸውን ይዘው ሳቁ። ያን ሳቅ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ።

ባለቤታቸው፣ እትዬ፣ ከቀዶ ሕክምናው ሲወጡ እደውልልሃለሁ ብለውኛል። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ከፊቴ አላራቅኩም። እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ አንድ ጥርስ ቀቀልኩ። ደወሉ ጮኸ።

የሆነውን የተረዳሁት ከሆነ በኋላ ነው። እጄን በሽርጤ ጠርጌያለሁ። ወደ መስኮቱ ዞሬያለሁ። ዓይኔን ጨፍኛለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አስለምደውኛል፤ ጆሮዬን እንኳ ሳይነኩ። ተቃጠልኩ። ልቀመጥ አሰብኩና እግሬ እምቢ አለኝ። ጸሎት የሚባል ነገር አላውቅም፤ "ይመለሱ" ብቻ አልኩ፣ ደጋግሜ፣ ለማን እንደምለው ሳላውቅ። በመሐል ስልኩ ጠራ። ሰምቼዋለሁ። ግን ገና አልጨረስኩም ነበር።

ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ መልሼ ደወልኩ።

"ነቅቷል፣ ደህና ነው ብለውናል" አሉ እትዬ፣ ድምፃቸው በእንባ ደክሞ። "ገና ዓይኑን ሲገልጥ 'በትኩሱ እንዳይከፍተው በይው' አለኝ፤ ምኑን እንደሆነ እንጃ። አንተ ግን ምነው ስልክ አታነሳም? እንዲህ ባለ ቀን?"

እጆቼን አየኋቸው። ንጹሕ ናቸው።

"እጄ ጀሶ ነበር፣ እትዬ" አልኩ።