አቶ ይቻላል እና የባሕር ማዶ አምቡላንሶች

ለባሕር ማዶ ደንበኛ ሶፍትዌር የሚሠራ መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ «ይቻላል» የሚል ሰው አለው። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል፣ ኮምፒውተር ቢበላሽ ይቀየራል፤ ይህ ሰው ከሌለ ግን መሥሪያ ቤቱም የለም። ኮድ አይጽፍም። ሥራው ስልክ ይዞ እሺ ማለት ነው። ደንበኛው ጥያቄውን ሳይጨርስ እሱ መልሱን ጨርሶታል።

ክቡር አቶ ይቻላል እናታቸው ያወጡላቸው ሌላ ስም አላቸው፤ የሚያስታውሰው ግን የለም። ባለቤታቸው እንኳ ስልካቸው ላይ «ይቻላል» ብለው ነው የመዘገቧቸው። ባለቤታቸውማ በምሬት ነው። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ይጠግኑ እንደሆነ ከተጠየቁ ጀምሮ አቶ ይቻላል በየቀኑ «ይቻላል» ይላሉ፤ ቧንቧውም በየቀኑ ይንጠባጠባል።

አንዲት ፕሮግራመር ከእሳቸው ጋር የተዋወቀችው ከዩኒቨርሲቲ በወጣች ማግሥት፣ መሥሪያ ቤቱ ጋራዥ ላይ የተሠራች አንዲት ክፍል በነበረበት ጊዜ ነው። የተሰጣት ወንበር ከተዘጋ ፀጉር ቤት የተገዛ ስለነበር፣ ትንሽ ደገፍ ካሉበት ጣራ እያሳየ ያጋድማል። ከታች ቀኑን ሙሉ ብረት ይቀጠቀጣል። ገና በመጀመሪያው ሳምንቷ አንድ ደንበኛ በስልክ፣ «ይሄ ድምፅ ምንድነው?» ሲል ሰማች።

አቶ ይቻላል ዓይናቸውን በጨው ታጥበው፣ «የሃርድዌር ክፍላችን ነው» አሉ።

ስልኩን ዘግተው ሲዞሩ አፏን ከፍታ እያየቻቸው ነው።

«ምን አስገረመሽ? ብረት አይደለም እንዴ የሚሠሩት?»

ሳትስቅ ቀረች፤ ብዙም ሳይቆይ ተራው የእሷ ሆነ። ሌላ ደንበኛ በአንድ የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራ ባለሙያ እንዳላቸው ጠየቀ። «ሞልቶን! እንዲያውም ዋናዋ አጠገቤ ናት» አሉና ወደ እሷ ጠቆሙ። ያንን ቋንቋ ከስሙ በቀር አታውቀውም።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አላውቀውም!»

«‹አላውቀውም› አይባልም፤ ‹ገና ነኝ› ነው የሚባለው። ማክሰኞ ትጀምሪያለሽ።»

«ዛሬ ዓርብ ነው!»

«ታዲያ ቅዳሜና እሑድን ማን ወሰደብሽ?»

እየረገመቻቸው ተማረች። ማክሰኞ ጀመረች። ውሎ አድሮ በዚያ ቋንቋ ሌሎችን የምታሠለጥነው እሷ ሆነች። ከሰውየው ጋር መጣላት የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። ውሸታም እንዳትላቸው፣ የዋሹት ነገር ሁሉ ቆየት ብሎ እውነት ይሆናል። በጣት የሚቆጠሩ ሠራተኞች ይዘው «ትልቅ ድርጅት ነን» ይሉ ነበር፤ ሆኑ። ጋራዡ ሌላ ቦታ ሄደና ምድር ቤቱን ያዙት። ከዚያ ጎን ያለውን ሕንፃ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ያለውን። ሌሎች ድርጅቶችም ተከትለው መጡ። ጠዋት ጠዋት መንገዱ መታወቂያ አንገታቸው ላይ ባንጠለጠሉ ወጣቶች ይሞላል። የታክሲ ረዳቶች ሠፈሩን «ሶፍትዌር» ብለው መጥራት ጀመሩ። ድሮ ልጃቸው ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጥ «ዓይንህ ይጠፋል!» የሚሉ እናቶች ዛሬ በሩን ቀስ ብለው ይዘጉለታል። ፕሮግራመሯ ይህን ሁሉ በመስኮት እያየች ትደነቃለች። የሠሩት ብዙዎች መሆናቸውን ታውቃለች፤ ራሷም አለችበት። ግን አንድ ሰው አስቀድሞ እሺ ባይል ኖሮ ማን ይጀምረው ነበር?

በዚህ መሐል የአምቡላንሱ ሥራ መጣ። ሩቅ አገር ባለ አንድ ከተማ ሰው ለአስቸኳይ እርዳታ ሲደውል ቅርብ ያለውን አምቡላንስ መርጦ የሚልክ ሶፍትዌር ነው። አቶ ይቻላል እንደ ልማዳቸው ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ተቀበሉ። ፕሮግራመሯ በዚያን ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ ሆናለች። ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ ስትሞክረው አንድ ጉድ አገኘች። ከአንድ ሕንፃ ሁለት ሰዎች በተመሳሳይ ሰዓት ከደወሉ፣ ሶፍትዌሩ አንድ ጥሪ መስሎት ሁለተኛውን ይሰርዘዋል። ለማስተካከል ጊዜ ያስፈልጋል። ምርቃቱ ደግሞ ሰኞ ነው።

ለደንበኛው በስብሰባ ነገረችው። ሰውየው ከስክሪኑ ውስጥ ሆኖ ግንባሩን አሻሸ።

«ከንቲባው ሪባን ሊቆርጡ ነው፤ ጋዜጠኛ ተጠርቷል። ሰኞ ይጀመር፣ ስሕተቱን ቀስ ብላችሁ ታርሙታላችሁ። ይቻላል አይደል?»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ አቶ ይቻላል ዞረ። ከእሳቸው አፍ ምን እንደሚወጣ የማያውቅ አልነበረም። ፕሮግራመሯ ዓይኗን ጨፈነች።

«እስቲ ቆይ» አሉ ወደ እሷ ዞር ብለው። «ጥሪው የተሰረዘበት ሰውዬ ምን ይነገረዋል? መስመሩ ይቋረጥበታል?»

«አይቋረጥም ጋሼ። ‹አምቡላንስ እየመጣ ነው፣ ይጠብቁ› ይለዋል።»

«እና አይመጣም?»

«አይመጣም።»

አቶ ይቻላል ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረው፣ «አይቻልም» አሉ።

ጆሮዋን ማመን አቃታት። ደንበኛውም በትክክል የሰማ አልመሰለውምና ደግሞ ጠየቀ። ደግመው ነገሩት። ሰውየው ፊቱ ቀላ፤ እንዲህ ከሆነ ሌላ ድርጅት እንደሚፈልግ ተናገረና ስክሪኑ ጠቆረ።

አቶ ይቻላል ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆሙ።

«ጋሼ፣ አሁን ምን ይሆናል?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ይሄን ቃል ተናግሬው ስለማላውቅ ከእሱ በኋላ ምን እንደሚመጣ አላውቅም።»

የመጣው ዝምታ ነው። ደንበኛው ጠፋ። በየፎቁ ሹክሹክታ ሆነ፤ አቶ ይቻላል ስልካቸው በጮኸ ቁጥር እየደነገጡ ሰነበቱ። በመጨረሻ ደንበኛው ራሱ ደወለ። የእሱ ባለሙያዎችም ሞክረውት ሁለተኛው ጥሪ ጠፍቶባቸዋል። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። ምርቃቱ እንዲዘገይ ከንቲባውን ማሳመኑን ነገራቸውና ሥራውን በወጉ እንዲጨርሱት ለመናቸው።

ጨረሱት። ሶፍትዌሩ ሥራ በጀመረበት ቀን ከየፎቁ የወረደው ሠራተኛ ትልቁ ስክሪን ፊት ተሰበሰበ። ስክሪኑ ላይ አንዳቸውም ረግጠውት የማያውቁት ከተማ ካርታ አለ፤ የመንገዶቹን ስም እንኳ በትክክል ማንበብ የሚችል የለም። ረፋዱ ላይ አንድ ቀይ ነጥብ በራ። ሳይቆይ ከዚያው ሕንፃ ሌላ ቀይ ነጥብ በራ። ከዚያ ሁለት ሰማያዊ ነጥቦች፣ ሁለት አምቡላንሶች፣ ከሁለት አቅጣጫ ተነሥተው መንገድ ለመንገድ መሮጥ ጀመሩ።

የደወሉት እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳገኛቸው ማንም አላወቀም። አምቡላንሶቹ ግን ለሁለቱም ደረሱላቸው። ጭብጨባው ሕንፃውን አናጋው።

ፕሮግራመሯ አቶ ይቻላልን ብትፈልጋቸው ከሁሉም ኋላ ቆመዋል። በክራባታቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

«ጋሼ፣ ምነው?»

«ደረሱ እኮ» አሉ በሹክሹክታ። «እውነትም ደረሱ።»

በእሳቸው ምክንያት ስንቴ ሥራ ልትለቅ እንደተነሣች እሷ ታውቃለች። ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። አንደኛው ሰማያዊ ነጥብ በሽተኛውን ይዞ ወደ ሆስፒታሉ ሲታጠፍ፣ ሁለቱም ሳያውቁት አንገታቸውን ወደ ታጠፈበት አዘነበሉ።