ሳላውቅ የሸጥሁት ቅቤ

ጥፋት እንደ ልጅ ነው፤ የወለደው ዘወር ብሎ ያዘለው ሲጠየቅበት ይኖራል። ንስሐ አባቴ "አውቀሽ በድፍረት፣ ሳታውቂ በስሕተት" እያሉ ሲያናዝዙኝ፣ ያላወቁትን ኃጢአት እንዴት ብለው ይቆጥሩታል እያልሁ በሆዴ እስቅ ነበር። እናንተም ስቃችሁ ይሆናል። ሲከሰሱ ሳቁ ይቆማል።

እኔ ሞጣ ገበያ ቅቤ ስሸጥ ነው የሸበትሁ። ፊደል ገበታው ላይ ብዙም ሳልገፋ ተውሁት እንጂ ቅቤስ ከሩቅ አውቃለሁ። የምትልክልኝ ቢቸና ያለችው ታላቅ እህቴ ናት፤ እታለም እላታለሁ። እጇ ያውቅበታል፤ ዓይኗ ግን ከድቷታል። ለማንም አልተናገረችም። እኔ የደረስሁበት፣ በር ላይ የተደገፈውን ግንድ "ግባ እንጂ፣ ምን አቆመህ?" ስትለው ሰምቼ ነው። ዝም አልሁ። ልጇ ከሰማ ላሞቹን ሸጦ እሷን ከተማ ቤቱ ጥግ ላይ ያስቀምጣታል። እታለም ያለ ላሞቿ አንድ ክረምት አትሻገርም።

ሰሞነ ሕማማት፣ ሰው ለፋሲካ ሲሸምት፣ የላከችውን ቅል ይዤ ወጣሁ። ተቆጣጣሪዎች መጡና ቆንጥረው አቀለጡት። ግማሹ የሚረጋ ዘይት ነው አሉኝ። ወዲያው ገባኝ። በጾም እሷ ቤት ሁለት ቅል አለ፤ አንዱ የቅቤ፣ ሌላው ለጾም ወጥ የሚሆነው ዘይት። በደጋው ብርድ ሁለቱም እኩል ይጠጥራሉ። ዳብሳ አንዱን ባንዱ ላይ ገልብጣዋለች፤ ሽታው የቅቤ ስለሆነ እኔንም አታለለኝ። እንዳትቀምሰው ጾም ነው፤ እኔም እንዳልቀምሰው ጾም ነው። ጾመን ተከሰስን።

ቅቤውን ደፍተው ባዶ ቅሌን መለሱልኝ፤ ለፍርድ ቤትም ቀጠሩኝ። ያስጨነቀኝ ቅጣቱ አልነበረም። "ከማን አገኘሽው?" ካሉኝስ? ስሟን ከጠራሁ መጥሪያ ይሄድላታል፤ መጥሪያውን የሚያነብላት ደግሞ ያው ልጇ ነው።

ዳኛዋ የልጅ ልጄን ታህላለች።

"እማማ፣ ቅቤውን የሸጡት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"እንዲህ ላለው ደንብ መተላለፍ፣ ማወቅዎም አለማወቅዎም አይጠየቅም። ሕጉ የሚያየው መሸጥዎን ብቻ ነው።"

ሚዛንህ ጎደለ ተብሎ የተከሰሰ ሰውዬ ከኋላዬ "ይሄማ ግፍ ነው" ብሎ አጉረመረመ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ደግ ሕግ አይቼ አላውቅም። ሰበብ የማይሰማ ሕግ ገመናም አይገልጥ። "ዕድሜ ይስጥሽ ልጄ" አልኋት። የተሳለቅሁ መስሏት ቀና ብላ አየችኝና፣ እስከ መስከረም ቅቤ እንዳልሸጥ ፈረደች።

ፋሲካ ሲያልፍ ቅሉን ይዤ ቢቸና ሄድሁ። እታለም ተቀብላ፣ ከጠርዙ ላይ የቀረውን በጣቷ ጠርጋ ቀመሰች። ፊቷ ጠቆረ።

"ማነው ዘይት የጨመረበት?"

በዕድሜዬ ሙሉ ጥፋቴን ያመንሁበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ጎረቤቶቼ ይመስክሩ።

"እኔ ነኝ፤ ገበያው ሲደራ ትንሽ ላብዛው ብዬ።"

"በኔ ቅቤ? ስንት ዘመን ባቆየሁት ስሜ ላይ? ድሮም እናታችን፣ ይቺን ልጅ ከእንስራው አርቁልኝ ትል ነበር።"

እስኪመሽ ወረደችብኝ። አቀርቅሬ ሰማኋት። ሳላውቅ ያጠፋሁትን ዳኛዋ ቀጣችኝ፤ አውቄ የዋሸሁትን ደግሞ እታለም። የእሷ ይከብዳል።

"ከነገ ጀምሮ እርጎ ስንጥ አጠገቤ ተቀምጠሽ ተማሪ" አለችኝ በመጨረሻ።

መቼስ እስከ መስከረም ሥራ የለኝ። በየጧቱ አጠገቧ ተቀምጬ እየተማርሁ ነው። ቅሉንም የማቀብላት እኔ ነኝ።